የ15 ሰው አዳራሽ አይበቃንም፦ ስለ አትሌቶች የዝና አዳራሽ ለተጻፈው ተቃውሞ ምላሽ

«ቲቸር፣ ይህን አይተውታል?» ብሎ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጽሑፉን በስልክ ላከልኝ። ብሔራዊ የአትሌቶች የዝና አዳራሽ፣ ብዙዎች «ሆል ኦፍ ፌም» የሚሉት፣ ይቋቋም የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም ጽሑፍ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው አትሌቲክስን የሚወዱ፣ ነገሩንም በቅን ልብ ያሰቡበት ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ስለዚህ በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም።

ላላነበበው ሰው ክርክራቸው በአጭሩ ይህ ነው። አዳራሹ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው ይላሉ። ጀግኖቻችን በሕዝብ ልብ ውስጥ ስላሉ ግድግዳ አያስፈልጋቸውም ይላሉ። የግድ ይሠራ ከተባለ የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጡ ብቻ ይግቡ፣ እሱም ካረፉ በኋላ ይሁን ይላሉ። መራጭ ኮሚቴ ከተቋቋመ ነገሩ የብሔር ኮታ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ቦታውም ከአዲስ አበባ ውጭ ሊታሰብ አይገባም ብለው ይጨርሳሉ።

እኔ ደብረ ማርቆስና ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ወረዳዎች ከ25 ዓመት በላይ ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። አዳራሹን የምደግፈው ፎቶ የሚሰቀልበት ግድግዳ አምሮኝ አይደለም። ለምን እንደሆነ ነጥብ በነጥብ እየመለስኩ እናገራለሁ።

ቅንጦት ነው ስለተባለው

ከሁሉም የሚከብደው ነጥባቸው ይህ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። የመሮጫ መም የሌለው ዞን፣ ጫማ የሌለው ልጅ ባለበት አገር እብነ በረድ መደርደር ነውር ነው ይላሉ። ስለ መሙም ስለ ጫማውም እውነታቸውን ነው። ልጆቼን ያሠለጠንኩት ከብት በሚግጥበት ሜዳ ላይ ነው። ዙሩን በእርምጃዬ ለክቼ፣ በየማዕዘኑ ድንጋይ አስቀምጬ። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሲረግረግ ወደ አስፋልቱ ዳር እንወጣ ነበር፤ እኔ ከኋላ ሆኜ መኪና በመጣ ቁጥር ፊሽካ እነፋለሁ። በኮንጎ ጫማ የሚሮጡ ነበሩ። ኮንጎው ሲበጠስ አውልቀው በእጃቸው ይዘው ውድድሩን በባዶ እግራቸው የሚጨርሱም ነበሩ።

ነገር ግን አዳራሽ ሲባል ለጸሐፊው የሚታያቸው ሕንፃ ብቻ ነው። የዝና አዳራሽ ከሕንፃ በፊት መዝገብ ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ በስንት ሰዓት ሮጠ? ማን አሠለጠነው? ማንን ቀደመ፣ ማንስ ቀደመው? ይህ ሳይኖር እብነ በረዱ ቢመጣ የሚቀረጽበት ነገር የለም። ይህ ካለ ግን ለመነሻው አንድ ክፍልና አንድ የሚቆለፍ ቁም ሳጥን ይበቃል።

መዝገብ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል ያወቅሁት በአንዲት ተማሪዬ ነው። ከጮቄ ግርጌ ካለች ቀበሌ በእግሯ እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ነበረች። በአንድ የዞን ውድድር በ3,000 ሜትር ሁለተኛ ወጣች። ሰዓቷን እኔም ይዤዋለሁ፤ 10 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ። በሣር ሜዳ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በሰው ጫማ። ዳኞቹ ውጤቱን በእጅ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አስመቱበት። ሰርተፍኬቱ «በኋላ ይላካል» ተብሎ ሳይላክ ቀረ።

በዓመቱ አንድ ክለብ ልጆች ሲመለምል የውድድር ውጤት ማስረጃ አምጡ አለ። ውጤቱ ገቢ ወደተደረገበት ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው በመሃል ሕንፃ ቀይሯል፤ የድሮው ፋይል መጋዘን ገብቷል አሉኝ። ቁልፉ ተፈልጎ፣ ሁለት ቀን አመላልሶኝ፣ በሦስተኛው ተከፈተ። ጣሪያው ያፈስ ኖሯል። ወረቀቱ በሲባጎ እንደታሰረ ወለል ላይ ተቀምጦ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ጠጥቷል። አንዱን ገጽ ከሌላው ላላቅቅ ስሞክር እንደ ረጠበ እንጀራ እጄ ላይ ተቆራረጠ። የእስክሪብቶው ቀለም ፈስሶ ገጹ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። የማኅተሙ ክብ ብቻ ይታያል፤ በውስጡ የተጻፈው አይነበብም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ አዝና «ጋሼ፣ እንግዲህ ምን ላድርግልዎ?» አለችኝ። ምን ታድርግልኝ? ሰዓት የምጽፍበትን የእኔን ደብተር ባሳይ «ማኅተም የሌለው ማስረጃ አይሆንም» ተባልኩ። ልጅቷ በዚያው ዓመት ሩጫውን ተወችው።

ክለብ ብትገባ ኖሮ የት ትደርስ ነበር ብሎ የሚምል ሰው የለም፤ እኔም አልምልም። እንድትሞክር የሚያደርጋት ወረቀት ግን ነበር፤ ጠፋ። ያጠፋውም ድህነት አይደለም። አንድ የብረት ሳጥን ይበቃ ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው «መጀመሪያ መሙ፣ ከዚያ አዳራሹ» ሲሉ ሁለቱ የሚሻሙ አስመስለው ነው። መሙ ይሠራ፣ ዛሬውኑ ይሠራ። ግን መሙ ላይ የሚሮጡትን ልጆች ሰዓት የሚይዝና የሚያቆይ ከሌለ መሙም የከብት ሜዳው ዕጣ ይደርሰዋል፤ ብዙ ሰው ይሮጥበታል፣ ማን እንደሮጠበት ግን አይታወቅም።

በሕዝብ ልብ ውስጥ አሉ ስለተባለው

ይህን ነጥብ ሳነብ ልቤ ተነክቶ ነበር፤ ጎጃምን ራሱን ምሳሌ አድርገውታልና። ጎጃም ቅኔን ያለ ሙዚየም ለዘመናት ጠብቆ ካቆየ፣ ጀግናን ለማስታወስ ግድግዳ ለምን ያስፈልገዋል ይላሉ።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው የያዙት ምሳሌ የሚመሰክርባቸው ነው። ጎጃም ቅኔን ያቆየው በልቡ ብቻ አይደለም፤ በጉባኤ ቤት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ መምህር የተቀመጠባቸው፣ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከየአገሩ የሚመጣባቸው ቤቶች ናቸው። ተማሪው ቅኔውን ብቻ ተቀብሎ አይሄድም። ከማን እንደተማረ ይናገራል፣ መምህሩ ከማን እንደተማሩም ያውቃል። ጥሩ ቅኔ ሲጠቀስ «ይህ የእገሌ ነው» ተብሎ ነው የሚጠቀሰው። ይህ «የእገሌ ነው» እንዳይጠፋ ተቆጣጣሪው ቤቱ ነው። መምህሩ አርፈው፣ የሚተካ ጠፍቶ ጉባኤው በተበተነበት ደብር የድሮዎቹን መምህራን ስም ጠይቁ፤ የሚመልስላችሁ ሽማግሌ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲሰለፉ ያየ ሰውም ይህን ያውቃል። ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞች መታሰቢያ እስከዛሬ ያደረሰው ማኅበር ነው፤ አባል ያለው፣ አለቃ ያለው፣ ቀን የቆረጠ ማኅበር። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉን እኮ በቃል መያዝን ከማናችንም በላይ የሚያውቁ አባቶች ናቸው።

ሕዝብ እንዴት እንደሚያስታውስ ከቤቴ አጠገብ አይቻለሁ። ጎረቤቴ የሆኑ አዛውንት በወጣትነታቸው ለጦር ሠራዊት ይሮጡ ነበር። አንድ ሜዳሊያ አላቸው፤ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ ሰንዱቅ ውስጥ ይቀመጣል። ለበዓል ስንሄድ አንዳንዴ ያወጡታል። ጥብጣቡ ከየትኛው ቀለም እንደነበር አይለይም። በጀርባው የተቀረጸው ጽሑፍ በመዳሰስ ብዛት አልቆ ጥቂት ፊደል ቀርቷል። የስንት ሜትር እንደነበረ ስጠይቃቸው «የረጅሙ» ይላሉ። መቼ እንደነበረ ስጠይቃቸው «ያ ክፉ ቀን ሳይመጣ» ይላሉ። ልጆቻቸው ይወዷቸዋል፣ ሰፈሩ ያከብራቸዋል፤ በሕዝብ ልብ ውስጥ አሉ። ምን እንደሠሩ ግን የሚያውቅ የለም።

ደግሞ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን «መሰለች መልካሙ ማን ናት?» ብዬ ጠየቅሁ። የጠየቅሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ሯጯ በተወለደችበት ከተማ። ጥቂት እጆች ወጡ። የቀሩት አንገታቸውን ደፉ። ልጆቹን አልወቅስም። ማን ነገራቸውና?

የኦሊምፒክ ወርቅ ብቻ ስለተባለው

ጸሐፊው መስፈርቱ ጥብቅ ካልሆነ አዳራሹ ይረክሳል ብለው የሚፈሩት ይገባኛል። እኔም ለሁሉም በሩ ይከፈት አልልም። ግን ያቀረቡትን መስፈርት ይዘን አብረን እንቁጠር። ኢትዮጵያ ከሮም እስከ ፓሪስ ድረስ 24 የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች፤ ሁሉም በሩጫ። ያመጧቸው 15 ሰዎች ናቸው፦ አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ገዛኸኝ አበራ፣ ሚሊዮን ወልዴ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ መሠረት ደፋር፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ቲኪ ገላና፣ አልማዝ አያና፣ ሰለሞን ባረጋ፣ ታምራት ቶላ። እነዚህ ያለ አንዳች ክርክር ይግቡ። ከዚያ በሩ ይዘጋ? ከ60 ዓመት በላይ ዓለምን ስታስሮጥ የኖረች አገር ታሪክ 15 ስም ብቻ ነው?

ነሐሴ 9 ቀን 2001 ዓ.ም. የነበረውን ምሽት ልንገራችሁ። በርሊን፣ የዓለም ሻምፒዮና፣ የሴቶች 10,000 ሜትር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ቡና ቤት ተሰብስበን እናያለን። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበር፤ ወንበር ያጣ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያንጋጥጣል። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ሁሉም ተነሣ። በመጨረሻው ቀጥታ መሰለች ወጣች። አሸነፈች ብለን ጮኸናል። መስመሩ ላይ ግን የኬንያዋ ሊኔት ማሳይ በአንድ እርምጃ ደርሳ ቀደመቻት። ማሳይ 30:51.24፣ መሰለች መልካሙ 30:51.34፣ ውዴ አያሌው 30:51.95። ከ25 ዙር በኋላ ልዩነቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ቡና ቤቱ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ሁለት የጎጃም ልጅ እኮ ነው ያለው!» ሲሉ ሁላችንም ልብ አልን። መሰለችም ውዴም ጎጃም ያፈራቻቸው ናቸው፤ በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ፣ ብርና ነሐስ።

መሰለች ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሆላንድ ውስጥ ኡትሬክት ላይ 10,000 ሜትርን በ29:53.80 ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ከጥሩነሽ ዲባባ ተረክባ ነበር። በዚያን ጊዜ በታሪክ ከእሷ የፈጠነች አንዲት ቻይናዊት ብቻ ነበረች፤ ዋንግ ጁንሺያ። በማራቶንም የመጀመሪያዋን ሩጫ ፍራንክፈርት ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 አሸንፋ በ2:21:01 ጨርሳለች። ይህች ሯጭ በጸሐፊው መስፈርት ከደጅ ትቀራለች። ምክንያቱ የኦሊምፒክ ወርቅ የላትም ነው። ይህን ለክፍሌ ልጆች እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው?

ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ወርቅ ለማግኘት መጀመሪያ ውድድሩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒውዚላንድ ከዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ ስለተጫወተች አፍሪካውያን ሞንትሪያልን ጥለው ወጡ፤ እኛም አብረን። በ1984 ከሶቪየት ጎራ ጋር ሆነን ሎስ አንጀለስን ቀረን። በ1988 ከሰሜን ኮሪያ ጋር ቆመን ሴኡልን ቀረን። በ12 ዓመት ውስጥ ከነበሩት አራት ኦሊምፒኮች የተገኘነው አንዱ ላይ ብቻ ነው፤ ሞስኮ። ውሳኔው ትክክል ይሁን ስሕተት እዚህ አልፈርድም። የሞንትሪያሉ ምክንያት የሚያኮራ እንደሆነ አምናለሁ። የወሰኑት ግን ሯጮቹ አይደሉም።

ማርሽ ቀያሪው ምሩፅ ይፍጠር ሞንትሪያል ላይ ያመለጠውን ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር እጥፍ አድርጎ አመጣ። አራት ዓመት መጠበቅ ችሎ ነው። በላይነህ ዴንሳሞን ግን ተመልከቱት። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሴኡል የቀረው አምስት ወር ነበር። የዓለም ፈጣኑ የማራቶን ሯጭ አገሩ ተቀምጦ ሌሎች ሲሮጡ ሰማ። ያ ሰዓት ከ10 ዓመት በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ፤ ብራዚላዊው ሮናልዶ ዳ ኮስታ በርሊን ላይ እስኪሰብረው እ.ኤ.አ. መስከረም 1998 ደርሷል። በላይነህ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ የለውም። ከበደ ባልቻም እ.ኤ.አ. በ1983 ሄልሲንኪ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን ብር ካመጣ በኋላ በዓመቱ ኦሊምፒኩ ያለ እኛ ተካሄደ። አገር በወሰነችው ውሳኔ ኦሊምፒክ የቀረበትን ሰው፣ ያቺው አገር ተመልሳ «ኦሊምፒክ ላይ አላሸነፍክም» ብላ በሩን ልትዘጋበት ነው? ጸሐፊው ይህን አስበውት ቢሆን ኖሮ መስፈርታቸውን ራሳቸው ይቀይሩት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሌሎችንም ጨምሩ። ሦስት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያላት ጌጤ ዋሚ አትገባም። ሁለት ጊዜ በ10,000 ሜትር ብር ያመጣው ስለሺ ስህን አይገባም። የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 3:50.07 ያደረገችው ገንዘቤ ዲባባ አትገባም። በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ሮጣ ዓለምን ያስደነቀችው ትዕግስት አሰፋ አትገባም። ቶኪዮ ላይ በ1,500 ሜትር የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ትዕግስት ገዛኸኝ፣ ፓሪስ ላይም የደገመችው፣ ፓራሊምፒክ ነው ተብላ ትቀራለች። ወልደመስቀል ኮስትሬ አሠልጣኝ ስለነበሩ ሜዳሊያ አላጠለቁም፤ ሜዳሊያ ካጠለቁት ውስጥ ግን ስንቱን እንዳሠለጠኑ ሁላችንም እናውቃለን። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት ኳስ ተጫዋቾችስ? እነሱ የሮጡት ለሌላ አገር ነው?

ካረፉ በኋላ ይሁን ስለተባለው

የጸሐፊው ፍርሃት በሕይወት ያለ ሰው ነገ ስሙን ሊያጎድፍ ይችላል የሚል ነው። አበረታች ንጥረ ነገር ተጠቅሞ ቢገኝስ፣ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ቢወቀስስ ይላሉ።

መልሱ ሰውየው እስኪሞት መጠበቅ አይደለም፤ ደንብ መጻፍ ነው። በአበረታች ንጥረ ነገር የተሰረዘ ውጤት ከመዝገቡም ይሰረዛል፤ ይኸው ነው። ከሩጫ ውጭ ያለው ሕይወት ግን የሌላ ዳኛ ጉዳይ ነው። ማሞ ወልዴ ዘጠኝ ዓመት ያህል ታስሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ከተፈታ ከጥቂት ወራት በኋላ አረፈ። በክሱ ላይ ልፈርድ አልችልም። ሜክሲኮ ላይ አበበ ቢቂላ አቋርጦ ሲወጣ ማሞ በ36 ዓመቱ በ2:20:26 ማሸነፉን ግን ፍርድ ቤትም አይቀይረው።

መዘግየትስ? አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆኖ፣ በተሽከርካሪ ወንበር እንግሊዝ አገር ሄዶ በቀስት ውርወራ ተወዳድሮ፣ ገና በ41 ዓመቱ አለፈ። የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን የዝና አዳራሹን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ጋር አስገባው፤ እሱ ግን ካረፈ 39 ዓመት ሆኖት ነበር። ምሩፅ ይፍጠር ኖሮ ኖሮ ካናዳ ውስጥ በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ አረፈ፤ አስከሬኑ ወደ አገር መጣ። በዚያን ሰሞን ያልተናገረለት ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ንግግር ተቀምጦ ቢሰማው ምን ነበረበት?

በነገራችን ላይ አሜሪካኖች በቤዝቦል አዳራሻቸው መሃከለኛ መንገድ አግኝተውለታል። ተጫዋቹ መጫወት ካቆመ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ለምርጫ ይቀርባል። ስሜቱ ይበርዳል፣ ሥራው ይለያል፣ ሰውየውም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አለ። እኛ የማንቀበልበት ምክንያት አይታየኝም።

የብሔር ኮታ ስለተባለው

ይህን ስጋት አልንቀውም። ኮሚቴ ተብሎ በር ዘግቶ ተቀምጦ የወጣውን ዝርዝር ሁላችንም አይተናል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ ይቅር» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚሁ ተነስቼ «ስለዚህ በሩ ይከፈት» እላለሁ።

እዚያው የቤዝቦል አዳራሽ ላይ ልቆይ፤ የሚያስተምር ታሪክ አለው። መራጮቹ ለዓመታት ጨዋታውን ሲዘግቡ የኖሩ ጋዜጠኞች ናቸው። ለመግባት ከድምፁ 75 ከመቶ ያስፈልጋል፤ ቁጥሩም ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1936 መጀመሪያ ሲመርጡ ያለፉት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ያ አዳራሽ ትልቅ በደል ነበረበት። ጥቁር ተጫዋቾች እስከ 1947 ድረስ ከትልቁ ሊግ ታግደው በራሳቸው ሊግ ይጫወቱ ስለነበር፣ የእነሱ ውጤት በመዝገቡ የለም ተብሎ ከአዳራሹም ውጭ ቀሩ። በጥቁሮቹ ሊግ ስመ ጥር የነበረው ሳቸል ፔጅ የገባው በ1971 ነው። ከዚያ ተመራማሪዎች የጥቁሮቹን የቆዩ ጋዜጦች እያገላበጡ ውጤቱን አንድ በአንድ ሰበሰቡ፤ በ2006 ከዚያ ዓለም 17 ሰዎች በአንድ ጊዜ ገቡ። በደሉን ያረመው ለጥቁሮች የተሰጠ ኮታ አይደለም። ተፈልጎ የተገኘ መዝገብ ነው።

ሩጫ ደግሞ ከቤዝቦልም ይቀላል፤ ሰዓት አለው። እኔ ለጎጃም ኮታ አልጠይቅም። መሰለች ትግባ የምለው የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆነች አይደለም፤ 29:53.80 ስለሮጠች ነው። በላይነህ ይግባ የምለውም ለ10 ዓመት ማንም ስላልደረሰበት ነው፤ እሱ የጎጃም ሰው አይደለም። መስፈርቱ ተጽፎ ይውጣ፣ የታጩት ሰዎች ሰዓትና ደረጃ ከነስማቸው ይለጠፍ፣ መራጩም ለማን ድምፅ እንደሰጠ ይታወቅ። ይህ ሁሉ ሆኖም የሚያጉረመርም ይኖራል፤ ያጉረምርም። ቢያንስ በቁጥር ይከራከራል።

ቦታው አዲስ አበባ ይሁን ስለተባለው

ይሁን። እዚህ ላይ አልጣላም። የሁሉም መገናኛ እሱ ነው።

ግን ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለ። ከጮቄ ግርጌ ያለ ልጅ ለአዳራሽ ጉብኝት ብሎ ይህን መንገድ አይሄድም፤ የሚወስደውም የለም። ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየዞኑ አንድ መዝገብ ይከፈት፣ ቅጂው በየዓመቱ አዲስ አበባ ይግባ። ዓምዶቹ የአትሌቱ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ ትምህርት ቤት፣ ያሠለጠነው መምህር ስም፣ ውድድሩ፣ ቀኑ፣ ርቀቱ፣ ሰዓቱ፣ ሜዳው ሣር ይሁን አስፋልት ወይስ መም። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የወጡት ሁሉ ይጻፉ። ኡትሬክት ላይ ከሚሮጡት መካከል መጀመሪያ በአንድ የገጠር ሜዳ ስድስተኛ የወጣ ሊኖር ይችላል፤ ያን ስድስተኛነቱን ማቆየት አለብን።

እኔ የራሴን 11 ደብተሮች ለዚህ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። በየትምህርት ቤቱ እንደ እኔ ሲጽፉ የኖሩ መምህራን እንዳሉ አውቃለሁ፤ ጡረታ የወጡም አሉ። ደብተሮቹ ከእነሱ ጋር ከማለፋቸው በፊት ይሰብሰቡ።

ያቺን ተማሪዬን ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ገበያ አገኘኋት። ከጎኗ ዘጠኝ ዓመት ግድም የሚሆናት ልጅ ነበረች። «ቲቸር» አለችኝ፣ «ሩጫ ጀምራለች። እኔም እሮጥ ነበር ብላት አላምን አለችኝ። ሰዓቴ ስንት ነበር?» ደብተሩ ቤት ስለነበር አንድ ልጅ ልኬ አስመጣሁት። እዚያው ጤፍ ተራው አጠገብ ቆመን ገጹን ፈልጌ አሳየኋት። ከዚያ በባዶ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ 3,000 ሜትር፣ ሁለተኛ፣ 10:21 ብዬ ጽፌ ፈረምኩና ሰጠኋት። ልጇ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ማኅተሙስ?» አለችኝ።